ሦስት ጊዜ ፍሪሲዮን አስቀየርኩ፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር

ዲኤክስ (ያቺ የድሮዋ ቶዮታ ኮሮላ) ያላችሁ፣ በተለይ ሞተር ያስቀየራችሁ ወይም ለማስቀየር እያሰባችሁ ያላችሁ፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ትንሽ ረዘም ይላል። በዚህ ጉዳይ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ተንከራትቻለሁ። ፍሪሲዮን ማለት ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ነው፤ ሸራው ውስጡ የሚጨመቀው ክብ ሰሌዳ ነው። ሦስት የፍሪሲዮን ሸራ፣ ሁለት ኬብል፣ አንድ ሙሉ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ገዝቻለሁ። ከዚያ ሁሉ ወጪ በኋላ የተገኘው ጥፋት ምን መሰላችሁ? ከጣት አንጓ የማይበልጡ ሁለት ፒኖች፣ አንድ የተረሳ ሽቦና ማንም ሳይለካው የተገጠመ ኩሽኔታ።

መኪናዋ የአባቴ ነበረች። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1979 የጀመረው፣ ኬኢ 70 የሚባለው ኮሮላ ነው። አብሯት የመጣው ሞተር ፎር ኬ ነው፣ 1290 ሲሲ። ሜዳ ላይ ምንም አይወጣለትም። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ነች፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራተር ያለው ትንሽ ሞተር ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ አቅሙን እዚሁ ያጣል። ስለዚህ ሁላችንም ምን እናደርጋለን? ዳገት ላይ ቤንዚን እየሰጠን፣ ፍሪሲዮኑን በግማሽ እየለቀቅን እናስጮኻለን። የሸራ ዕድሜ የሚያልቀው እዚያ ነው። እኔም ይሄ ሰልችቶኝ ነው ፋይቭ ኬ ላስገባ ያልኩት። 1486 ሲሲ ነው፣ ከፎር ኬ ጋር የአንድ ቤተሰብ ሞተር ነው፣ መቀመጫው ላይ ብዙ ሳያስቸግር ይገባል። ካምቢዮውም ባለ አራት ማርሽ ስለነበር በዚያው ባለ አምስት ማርሽ አስገባን። ባለ አምስቱ ስለሚረዝም ካርዳኑ (ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ) ተቆርጦ ባላንስ ተሠራ።

(በነገራችን ላይ፣ ሞተር ስትቀይሩ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ እንዲስተካከል ወዲያው ሂዱ። ለቦሎ ምርመራ ቀርባችሁ ከመደናገጥ ያድናችኋል።)

የመጀመሪያው ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ገጠመ፣ ካምቢዮው ገጠመ፣ ተነሣ፣ ሄደ፤ አበቃ ብዬ አሰብኩ። ቮላኖው (ሞተሩ ኋላ የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) እና ፕሬሸር ፕሌቱ (ሸራውን ቮላኖው ላይ የሚጨምቀው) ከአዲሱ ሞተር ጋር የመጡ ነበሩ። ፔዳል ስትረግጡ ፕሬሸር ፕሌቱን የሚገፋው ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ቤትና እሱን የሚገፋው ሹካ ደግሞ ከሌላ ካምቢዮ የተወሰዱ። ማንም ጎን ለጎን አስቀምጦ አልለካቸውም። እኔም ለኩልኝ አላልኩም። እንደዚህ የሚጠየቅ መሆኑንስ መቼ አውቄ።

ሁለት ወር ያህል ደስ ብሎኝ ነዳሁ። ከዚያ አንድ እሑድ እናቴንና ሁለት አክስቶቼን ይዤ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወጣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። ቤንዚን ስጨምር ጩኸቱ ብቻ ይጨምራል። ከዚያ ሽታው መጣ። አንዴ የሸተተው ሰው አይረሳውም፤ ጨርቅና ጎማ አብረው የሚነዱ የሚመስል ነገር ነው። እናቴ ከኋላ «ምን ተቃጠለ ልጄ?» አለችኝ። «የሰው መኪና ነው» አልኳት። ውሸት።

ያስገባልኝ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። አልዋሸኝም፤ ሸራው አልቋል አለኝ፣ ሲያወርደውም እውነት አልቆ ነበር። በሁለት ወር ለምን አለቀ ስለው «ዕቃው ፎርጅድ ነው» አለ። ይቺን መልስ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። አንዳንዴ እውነት ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ምክንያቱን ከመፈለግ የምታሳርፍ መልስ ናት። እኔም አመንኩ፤ ወደድ ያለውን ሸራ ገዝቼ መጣሁ።

ያን ቀን አምፖል ይዤ ከሥር አበራለት ነበር። ካምቢዮውን በክሪክ አንሥቶ ካስገባው በኋላ ቡሎን ጎደለውና ሊፈልግ ሄደ። ክሪኩን አውጥቶ ለሌላ መኪና ወሰዱት። ካምቢዮው በሁለት ቡሎን ላልቶ፣ ክብደቱን በኢንፑት ሻፍቱ (ከካምቢዮው ወጥቶ ሸራው መሃል በሚገባው ዘንግ) ሸራው ላይ ጥሎ ተንጠለጠለ። አሥር ደቂቃ ያህል ይሆናል። ዝም ብዬ አየሁት። ዛሬ ባየው እጮኻለሁ። ካምቢዮ በኢንፑት ሻፍቱ ሲንጠለጠል አዲሱ ሸራ ይጣመማል፤ የተጣመመ ሸራ ደግሞ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ብትረግጡት እንኳ ከቮላኖው ሙሉ በሙሉ አይላቀቅም። ስለዚህ ከሥር የሚሠራ ሰው አጠገብ ከሆናችሁ አንድ ነገር ብቻ ጠብቁ፦ ቡሎኖቹ ሁሉ እስኪገቡ ክሪኩ ከካምቢዮው ሥር አይውጣ። ካምቢዮው ሞተሩ ላይ በእጅ ግፊት ካልተቀመጠም በቡሎን ስቦ ለማስገባት መታገል የለም። አልገባ ካለ የሆነ ነገር አልተስተካከለም ማለት ነው።

ወጣሁ። አሁን አይንሸራተትም። ግን የኋላ ማርሽ ሳስገባ ክርርርር። ሁለተኛ ማርሽም ጠዋት ጠዋት ይገፋኛል። ተመልሼ ስሄድ መካኒኩ ከሥር ገብቶ ኬብሉን ወጠረልኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም፣ ገንዘብም አልተቀበለኝም። ክርታው ጠፋ። እጁን ጨብጬ ወጣሁ።

ያ መወጠር ነው ዋናው ጥፋት። ትንሽ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ፍሪሲዮን ሁለት ተቃራኒ በሽታ አለው። አንደኛው መንሸራተት ነው፤ ፔዳሉን ለቃችሁም ሸራው በደንብ አይጨመቅም። ሁለተኛው አለመላቀቅ ነው፤ ፔዳሉን ረግጣችሁም ሸራው ከሞተሩ ጋር እየተጎተተ ይዞራል፣ ማርሹም ይጮኻል። ኬብል ስትወጥሩ ሁለተኛውን ታስታግሱና የመጀመሪያውን ትጠሩታላችሁ። ፔዳሉ ላይ የግድ ባዶ ጨዋታ መኖር አለበት። በእጃችሁ ፔዳሉን ስትጫኑት መጀመሪያ ላይ ምንም ሳይከብድ የሚሄዳት ርቀት ማለት ነው፤ በኬብል በሚሠራ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ። እሷ ከጠፋች ኩሽኔታው ቀንም ሌሊትም ፕሬሸር ፕሌቱን እየገፋ ነው። እግራችሁን ቀኑን ሙሉ ፔዳሉ ላይ እንዳሳረፋችሁ ቁጠሩት።

የእኔ ጨዋታ ዜሮ ነበር። ፔዳሉ የሚይዘው ልለቀው ስል መጨረሻ ላይ፣ ጉልበቴ መሪው ሥር ሊነካ ሲል ነው። «ደስ ሲል፣ ስሜቱ ስፖርት መኪና ይመስላል» ብዬ ለጓደኛዬ ማውራቴ ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ። በሦስተኛው ሳምንት መንሸራተት ጀመረ።

በዚህ መሃል ደግሞ ኬብሉ። አንድ ጠዋት ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። ኬብሉን ስናወጣው ከውጭ ያለው ፕላስቲክ ቀልጦ ከውስጡ ሽቦ ጋር ተጣብቋል። መካኒኩ «ማርሚታው (ጭስ ማውጫው) ጋ ተጠግቶ ነው» አለና አዲሱን ራቅ አድርጎ አሰረልኝ። ስድስት ሳምንት ቆይቶ ያም ቀለጠ። ማርሚታውን ባይጠጋም ቀለጠ። እንደገና «ፎርጅድ»። ኬብሉን እንደ ምንም አላቀን፣ ዘይት አጠጥተን ለጊዜው መለስነው።

ሌላ ጋራዥ ቀየርኩ። እዚያ ሦስተኛ ሸራ ገባ፤ ቮላኖውም ሙቀት ሰማያዊ ነጠብጣብ አውጥቶበት ስለነበር ቶርኖ ቤት ሄዶ ተላጠ። ይሄ ትክክለኛ ሥራ ነበር፤ የተቃጠለ ቮላኖ ላይ አዲስ ሸራ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው። ግን ክርታው አሁንም አለ። እንዲያውም አዲስ ድምፅ ተጨመረ፦ መኪናዋ ቆማ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይሰጣት) ስትሠራ ዝዝዝ የሚል ነገር፤ ፍሪሲዮን ስረግጥ ዝም ይላል። እነሱ ፍርድ ሰጡ፤ «ሲንክሮው አልቋል፣ የካምቢዮው ኩሽኔታም ሄዷል። ካምቢዮ ቀይር።»

የመኪና ዕቃ ገበያው ሶማሌ ተራ ሁለት ቀን ዞርኩ። አንድ ባለ አምስት ማርሽ አገኘሁ። ሻጩ በእጁ እያዞረ «እየው፣ ድምፅ የለውም» አለኝ። እውነትም የለውም። በኋላ ዘይቱን ስናወርድ ለምን እንደሌለው ገባኝ፤ ዲፈረንሻል ውስጥ የሚገባው ወፍራሙ 140 ነበር የሞሉት፣ እንደ ማር የሚወርድ። ወፍራም ዘይት የኩሽኔታን ድምፅ ይሸፍናል። በጠዋት ብርድ ግን ማርሽ አላስገባ ይላል፣ ምክንያቱም ሲንክሮው የሚሠራው የማርሹን ፍጥነት በሰበቃ አስተካክሎ ነው፤ በወፍራም ዘይት ውስጥ ደግሞ እጁ ይታሰራል። አሮጌ ካምቢዮ ስትገዙ መጀመሪያ የታችኛውን ታፓ ፈትታችሁ ዘይቱን እዩ። ታፓው ላይ ማግኔት ካለ፣ እንደ ጭቃ የላመ ብናኝ ያለ ነው። ቁርጥራጭ ብረት ካያችሁ ግን መልሳችሁ ዝጉትና ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።

ካምቢዮው ገባ። ትክክለኛው 75-90 ዘይት ተሞላ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ አስነሣሁ፣ ፍሪሲዮን ረገጥኩ፣ የኋላ ማርሽ አስገባሁ።

ክርርርር።

መሪው ላይ ግንባሬን ደገፍኩ። ቁጣም አልመጣልኝ። ልጆቹ እጃቸውን በቤንዚን እየታጠቡ ያዩኛል። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ ያሰብኩት። ሁለት የተለያዩ ካምቢዮዎች፣ ከሁለት የተለያዩ መኪናዎች የወጡ፣ አንድ ዓይነት ድምፅ እንዴት ያወጣሉ? ችግሩ ከካምቢዮው በፊት ነው። እስካሁን ሁሉም ሰው የሚጮኸውን ዕቃ ነበር ሲቀይር የነበረው። እኔም ጭምር።

አንድ የላዳ ታክሲ የነዳ ሰውዬ ነው ወደ ጋሼ የመራኝ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እንዲህ ያለ ነገር አይወዱም። ኮልፌ አካባቢ በግቢያቸው ይሠራሉ፣ ድሮ የጭነት መኪና መካኒክ ነበሩ። መኪናዋን አቁሜ ያለፈውን ታሪክ ሁሉ ስዘረግፍ ጨርሰው ሰሙኝና «ቁልፉን ስጠኝ» አላሉም። «ግባና ተቀመጥ» አሉኝ።

«ሞተር አጥፋ። ፍሪሲዮን ርገጥ። ሁሉንም ማርሽ አንድ ባንድ አስገባ።»

አስገባሁ። ቅቤ ነው።

«አሁን አስነሣና እንደዚያው አድርግ።»

ክርታ።

«ካምቢዮው ጤነኛ ነው» አሉ። «የድሮውም ጤነኛ ነበር ይሆናል።» ይሄንን ሲሉ ሆዴ ተገላበጠ። ይህን ፈተና ማንም ሰው ያለ መፍቻ፣ ያለ ክሪክ፣ በነጻ ሊያደርገው ይችላል። ሞተር ጠፍቶ ማርሹ በሰላም ከገባ፣ ሞተር ሲሠራ ግን ከጮኸ፣ ካምቢዮ ከማውረዳችሁ በፊት ፍሪሲዮኑ እየተላቀቀ መሆኑን አረጋግጡ። ሌላም አለ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ እስከ አሥር ቁጠሩና የኋላ ማርሽ አስገቡ። የኋላ ማርሽ በብዙ የድሮ መኪና ሲንክሮ የለውም፤ ስለዚህ አይደብቅም። ሸራው በእርግጥ ከተላቀቀ በዚያ ጊዜ ውስጥ ውስጡ መዞሩን ያቆማል፣ ማርሹም ዝም ብሎ ይገባል። ከጮኸ የሚጎትተው ነገር አለ።

ከዚያ ጋሼ ኮፋኖውን ከፍተው ኬብሉን በሁለት ጣት ያዙ። «አስነሣ፣ ግን አታቆየው፤ አጥፋ፣ ድገም።» አምስት ስድስት ጊዜ አስነሣሁ። «ና፣ ንካው» አሉኝ።

ኬብሉ ትኩስ ነበር። ማርሚታው ገና አልሞቀም፤ መኪናዋ ከቆመች ሰዓት አልፏታል። እሳቸው ጎንበስ ብለው በሞተሩና በሻንሲው መካከል በጣታቸው ፈለጉ። የሚፈልጉት የማሳ ሽቦ የለም። ሞተሩ ሲቀየር ተፈትቷል፣ ማንም አልመለሰውም። የሞተሩ መቀመጫ ጎማ ስለሆነ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሣው) የሚስበው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው የሚመለስበት ወፍራም መንገድ አጣ። ስለዚህ ያገኘውን ብረት ይዞ ተመለሰ፤ የፍሪሲዮን ኬብሌን። መኪናዋን ባስነሣሁ ቁጥር ኬብሉን እየጠበስኩት ነበር ማለት ነው። ሞተር ያስቀየራችሁ በሙሉ፣ ይሄን ጽሑፍ አቋርጣችሁም ቢሆን ሄዳችሁ ያቺን ሽቦ እዩ። ከሞተሩ አካል ወደ ሻንሲው የምትሄድ ጠፍጣፋ ወይም ወፍራም ሽቦ ነች። ዋጋዋ ከምሳ አይበልጥም።

በማግስቱ ካምቢዮውን አወረዱት። እኔም ከሥራ ቀርቼ አብሬ ዋልኩ። ከሞተሩ ኋላ፣ ካምቢዮው የሚገጥምበት ፊት ላይ፣ ከቡሎን ጉድጓዶቹ ሌላ ለመሪ ፒን የተሠሩ ሁለት ቦታዎች አሉ። ጋሼ በካቻቢቴ ጫፍ አንዱን ቆፈሩት። ጥቁር ግራሶና አፈር ወጣ። ሁለተኛውንም። ፒን የለም። ሁለቱም የሉም።

እነዚያ ፒኖች ምን ያደርጋሉ መሰላችሁ? ቡሎኑ ማሰሪያ ነው፣ ጉድጓዱ ከቡሎኑ ትንሽ ይሰፋል። የካምቢዮውን መሃል ከሞተሩ መሃል ጋር ፊት ለፊት የሚያስቀምጡት ፒኖቹ ናቸው። እነሱ ከሌሉ ካምቢዮው የጸጉር ያህል ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ይቀመጣል። በዓይን አይታይም። ሻፍቱ ግን በደቂቃ አንድ ሺህ፣ ሦስት ሺህ ጊዜ እየዞረ በየዙሩ ይታጠፋል። ሸራው ይጎተታል፣ የኢንፑት ሻፍቱ ኩሽኔታ ይጮኻል፣ ቮላኖው መሃል ያለችው ትንሿ ኩሽኔታ ትበላለች። ትንሿን ሲያወጧት ያደረጉትን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ወዲህ ለሰው ሁሉ አወራዋለሁ። ደረቅ ዳቦ አምጣ አሉኝ። በውኃ ነካክተው በኩሽኔታዋ ቀዳዳ ጠቀጠቁት፤ ከዚያ ልክ የቀዳዳው መጠን ባለው ብረት በመዶሻ መቱት። ዳቦ ይጨምራሉ፣ ይመታሉ። ዳቦው ከኋላ መሄጃ ሲያጣ ኩሽኔታዋን ገፍቶ አወጣት። በእጃቸው ስትዞር አሸዋ እንደገባባት ትንጫጫለች።

የመጨረሻው መለኪያው ነበር። ፕሬሸር ፕሌቱ ላይ ቀጥ ያለ ብረት አጋድመው፣ ከኩሽኔታው ቤት ቁመት ጋር አነጻጸሩ። አልተገናኙም። ኩሽኔታው አጥሮ ስለነበር ሹካው ገና ከመነሻው ተንጋዶ ነበር የሚቆመው፤ ግማሹ ጉዞ ክፍተቱን ለመድረስ ብቻ ያልቃል። ለዚህ ነው መጀመሪያ የማይላቀቀው፣ ሲወጠር ደግሞ የሚንሸራተተው። ትክክለኛው ቁመት ያለው ቤት ተፈልጎ ተገኘ። ፒኖቹን ቶርኖ ቤት ባስቀርጽ አልኳቸው፤ «አይሆንም፣ ይሄ በግምት አይሠራም» ብለው ከወደቀ የኬ ሞተር ብሎክ ላይ አስወልቀው አመጡ።

ሸራውን ሲያስገቡ ሁለት ነገር አሳዩኝ። አንደኛ፣ ሸራው ፊትና ኋላ አለው፤ ተገልብጦ ከገባ ምኑም አይሠራም፣ አብዛኛው ላይ ወደ ቮላኖ የሚዞረው ጎን ተጽፎበታል። ሁለተኛ፣ ሸራውን በእጃቸው አልነኩትም፣ የሻፍቱ ጥርስ ላይ የቀቡትም ግራሶ ከጥፍር ጫፍ አይበልጥም። የበዛው ግራሶ ተፈናጥሮ ሸራው ላይ ያርፋል፤ ዘይት የነካው ሸራ ደግሞ ቢጠርጉትም አይድንም። ካምቢዮ ከወረደ አይቀር ከሞተሩ ኋላ ዘይት የሚያግደውን ጎማም ቀይሩት። ጎማው ርካሽ ነው፤ ውዱ ለመቀየር ብላችሁ እንደገና ካምቢዮ ማውረዱ ነው።

ድምፅ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ ይህን ያዙ። መኪናው ቆሞ፣ ማርሽ ሳይገባ፣ ፔዳል ሳትረግጡ የሚሰማ ስትረግጡ የሚጠፋ ድምፅ ከካምቢዮው ፊት ካለው ኩሽኔታ አካባቢ ነው። ስትረግጡ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ ጠርጥሩ። መንሸራተቱን ለማወቅ ደግሞ ዳገት መጠበቅ የለባችሁም፤ ባዶ መንገድ ላይ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ ቀስ ብላችሁ እየሄዳችሁ ቤንዚኑን እስከ መጨረሻ ርገጡ። የሞተሩ ጩኸት ከፍጥነቱ ቀድሞ ከበረረ ይንሸራተታል። አንዴ በቂ ነው፤ ደጋግማችሁ ሸራውን እንዳትጨርሱት።

ፍሪሲዮናችሁ በኬብል ሳይሆን በዘይት የሚሠራ ከሆነ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ፔዳሉን ሁለት ሦስቴ ቶሎ ቶሎ ስትረግጡ ማርሹ በሰላም ከገባ፣ አየር ገብቷል ወይም ከላይኛው አሊያም ከታችኛው ሲሊንደር አንዱ ያሳልፋል። ከፔዳሉ በላይና ከሥሩ ምንጣፉ ላይ እርጥበት እንዳለ እዩ። ዘይቱ የፍሬን ዘይት ነው፤ ሌላ ዘይት ጠብ እንዳታደርጉበት፣ ጎማዎቹን ያሳብጣቸዋል።

ጋሼ ሲያስረክቡኝ ለመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር እንዳላስጮኻት፣ ዳገት ላይ ቆሜ ስነሣ በፍሪሲዮን እንዳልይዛት፣ የእጅ ፍሬን እንድጠቀም ነገሩኝ። የእጅ ፍሬኑ እንደማይሠራ ስነግራቸው ዝም ብለው አዩኝ። በማግስቱ አሠራሁት።

ይኸው ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ባለፈው ጥምቀት ሰሞን አራት ሰው ጭኜ ከደብረ ሲና ጣርማ በር ወጣሁባት። ሽታ የለም፣ ክርታ የለም፣ እናቴም ከኋላ ተኝታ ነበር። አምስተኛው ማርሽ ላይ ትንሽ ማንዘር አለ፤ ካርዳኑ ሲቆረጥ ባላንሱ በደንብ አልተያዘም መሰለኝ፣ ከ90 በላይ ስሄድ ነው የሚሰማኝ። አልሄድም።

የመጀመሪያው ካምቢዮ፣ ያ አልቋል የተባለው፣ እናቴ ቤት በረንዳ ላይ በጆንያ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እሷ ላዩ ላይ የአበባ ማሰሮ አስቀምጣበታለች። ባለ አምስት ማርሽ የሚፈልግ ካለ ይንገረኝ፤ ብቻ አደራ፣ መጀመሪያ ሞተራችሁን አጥፍታችሁ ማርሾቹን ሞክሩ። ከገቡ አልሸጥላችሁም።